ብርና መዳብ ሲያንሱ ጠባያቸው ለምን ይለወጣል?

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ ብር አንጥረኛ ነኝ። ብር ላይ መዳብ ስጨምርበት ቶሎ ይቀልጥልኛል። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጄ ግን «በጣም ትንሽ በሆነ ቅንጣት ላይ መዳቡ ብሩን ሙቀት ያስችለዋል» አለኝ። ያው ብር፣ ያው መዳብ አይደለም ወይ? ልጁ ተሳስቶ ይሆን?

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጅዎ አልተሳሳተም። እርስዎም አልተሳሳቱም። እኔም የአባቴን ወናፍ እየነፋሁ ነው ያደግሁት፤ ጥያቄዎን ሳነብ የከሰሉ ሽታ መጣብኝ።

ከማቅለጫዎ እንነሳ። ንጹህ ብር በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ከመቶ 28 እጅ መዳብ ከገባበት ወደ 780 ይወርዳል። ሲቀልጡ ይዋሃዳሉ፤ ሲቀዘቅዙ ግን ሆድና ጀርባ ናቸው። በማይክሮስኮፕ ቢያዩት ብሩ ለብቻው፣ መዳቡ ለብቻው ሆኖ ይታያል።

አሁን 147 አቶም ብቻ ያላትን የብር ቅንጣት ያስቡ። ውፍረቷ 2 ናኖሜትር አይሞላም፤ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከ147ቱ አቶሞች 92ቱ ላይኛው ገጽ ላይ ናቸው። እነሱ ጎረቤት ስለሚያንሳቸው ቅንጣቷ ተሰብስባ ሃያ ገጽ ያላት ድቡልቡል ትሆናለች። ይህ ቅርጽ ገጹን ይመቸዋል፤ መሃሉን ግን ያጨናንቃል። በጥምቀት ፋሲል መዋኛ በር ላይ ሰው ሲገፋፋ መሃል የገባ ምን እንደሚሆን ያውቁታል። የመዳብ አቶም ከብር አቶም በአንድ አስረኛ ያህል ያንሳል። አንዷ መሃል ብትገባ ጭንቁ ይቀላል። በኮምፒውተር ስሌት እንደታየው፣ በዚያች በአንዷ አቶም ብቻ ቅንጣቷ የምትቀልጥበት ሙቀት ከፍ ይላል!

መዳቡ ሲበዛም ወደ ውስጥ መግባት ይወዳል፤ ብሩ ከላይ ያለብሰዋል። ይህን ግን ጌጡን አግለው በሎሚ ሲያጥቡት ከሚወጣው ንጣት ጋር አያምታቱት። እዚያ ገጹ ላይ ያለው መዳብ በእሳቱ ከአየር ጋር ይዋሃድና በሎሚው ታጥቦ ይሄዳል፤ ብሩ ይቀራል። እዚህ ግን ማንም ሳያጥበው ብሩ ራሱ ወደ ላይ ይወጣል።

ቅንጣቷ እያደገች ስትሄድ የመሃሉ ጭንቅ ይጠራቀማል። በመጨረሻ ሃያ ገጹን ትታ እንደ ማንኛውም ብር ትደረደራለች። ወርቅና ብር ቢሆኑስ? የሁለቱ አቶሞች መጠን እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ወርቁ መሃል ቢገባም የሚያተርፈው ቦታ የለም።