ከኮፈኑ በፊት ወረቀቱን ግለጥ፦ ጀርመን ውስጥ ያገለገለ መኪና መግዛትና ማስመዝገብ

ሰላም ወንድሜ። «ጀርመን ከገባሁ አምስተኛ ወሬ ነው፤ 4,000 ዩሮ አጠራቅሜያለሁ፤ መንጃ ፈቃዴ የኢትዮጵያ ነው። ከግለሰብ ልግዛ ወይስ ከነጋዴ? ምዝገባውስ ከየት ይጀመራል?» ብለህ ጠይቀሃል። ከሥር የመለሱልህ አብዛኞቹ ቶዮታ ግዛ፣ ናፍጣ ተው፣ እያሉ ነው። ጥሩ ምክር ነው፤ ግን እዚህ አገር የሐበሻን ገንዘብ ከሞተር ይልቅ ወረቀት ነው የሚበላው። ስለዚህ የምጽፍልህ በብዛት ስለ ወረቀቱ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. መንጃ ፈቃድህ። አምስተኛ ወር ካልክ የቀረህ ጊዜ ጥቂት ነው። ነዋሪ ከሆንክበት ቀን አንስቶ በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ መንዳት የሚፈቀድልህ ስድስት ወር ብቻ ነው፤ እሱንም ከጀርመንኛ ትርጉሙ ጋር ይዘህ። ኢትዮጵያ ያለ ፈተና ከሚቀየርላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች የጽሑፉንም የመንዳቱንም ፈተና ትወስዳለህ። የጽሑፉ ፈተና በአማርኛ አይሰጥም። መንጃ ፈቃድ ስላለህ ለጀማሪ የተደነገገው የግዴታ ትምህርት ሰዓት አይመለከትህም፤ ትምህርት ቤቱ «ሁሉንም መውሰድ አለብህ» ካለህ አትቀበል። ለመንዳቱ ፈተና ግን አሠልጣኝ አጠገብህ መቀመጥ ስላለበት ያለ ትምህርት ቤት አይሆንም፤ ጥቂት ሰዓት መለማመድም ይጠቅምሃል። መኪና በስምህ ለማስመዝገብ መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ታርጋ ስለተሰጠው መንዳት የተፈቀደለት ይመስለዋል። ስድስት ወሩ ካለፈ በኋላ መንዳት ወንጀል ነው፤ ሕጉ እስከ አንድ ዓመት እስራት ያስቀምጣል። መኪናህን መንጃ ፈቃድ ለሌለው ጓደኛ ብታውሰውም አንተም ትጠየቃለህ።

2. ነጋዴ ወይስ ግለሰብ። ነጋዴ ለግል ተጠቃሚ ሲሸጥ ስትረከብ ለነበረ ጉድለት በሕግ ተጠያቂ ነው። ላገለገለ መኪና ጊዜውን በውል ወደ አንድ ዓመት ማሳጠር ይችላል፤ ከዚያ በታች አይችልም። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ጉድለት ከታየ፣ በሽያጩ ቀን አልነበረም ብሎ ማስረዳት ያለበት ነጋዴው ነው። ያለቀ የፍሬን ሸራ ወይም በአገልግሎት የተበላ ፍሪሲዮን እዚህ ውስጥ አይገባም። ግለሰብ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጠያቂነቱን በሙሉ ከራሱ ላይ ያነሣል፤ እያወቀ ደብቆህ ካልሆነ በቀር የምትይዘው ነገር የለም። ነጋዴ ጋ ለአንድ ዓይነት መኪና ጥቂት መቶ ዩሮ ጨምረህ የምትከፍለው ለዚህ ተጠያቂነት ነው።

ርካሽ መኪና የሚሸጡ አንዳንድ ነጋዴዎች ታዲያ ዋጋውን ተቀብለው ተጠያቂነቱን በውሉ ውስጥ መልሰው ይወስዱብሃል። ቋንቋው ገና እንደሆነ ስለሚያውቁ «ፎርማሊቲ ነው፣ እዚህ ጋ ፈርም» ይሉሃል። ስለዚህ እነዚህን ቃላት በዓይንህ ለያቸው።

«ገቬርቤ» ወይም «ኤክስፖርት»፦ ውሉ ላይ ገዢው ነጋዴ እንደሆነ ወይም መኪናው ወደ ውጭ አገር እንደሚላክ ከተጻፈ፣ የሸማች መብትህን በገዛ እጅህ አስረክበሃል። ነጋዴ ነኝ ብለህ ፈርመህ ስታበቃ ፍርድ ቤት ሄደህ ሸማች ነኝ ብትል የሚሰማህ አታገኝም። ለውጭ አገር ሰው በብዛት የሚቀርበው ወጥመድ ይሄ ነው፤ በጣምም ያናድዳል፤ ምክንያቱም ሻጩ መኪናው እዚያው ከተማ ውስጥ ልጆች ትምህርት ቤት ለማድረስ እንደተገዛ እያወቀ ነው የሚጽፈው።

«ኢም ኩንደንአውፍትራግ»፦ በደንበኛ ስም ነው የምሸጠው ማለት ነው። ቢሮው የነጋዴው ነው፣ ቡና የሚጋብዝህም ነጋዴው ነው፤ ውልህ ግን አይተኸው ከማታውቀው ግለሰብ ጋር ነው፤ ተጠያቂነቱም ከእሱ ጋር ይሄዳል።

«ባስትለርፋርጾይግ»፦ ጠጋግኖ ለሚሠራ ሰው የሚሸጥ መኪና። በደህና መኪና ዋጋ እየሸጠልህ ይህን ከጻፈ ምን እያዘጋጀ እንደሆነ ይገባሃል።

«ላውት ፎርበዚጸር»፦ «የቀድሞው ባለቤት እንዳለው»። «አደጋ የለበትም» እና «የቀድሞው ባለቤት እንዳለው አደጋ የለበትም» ሰማይና ምድር ናቸው። የመጀመሪያው የሻጩ ቃል ነው፤ ሁለተኛው ወሬ ማስተላለፍ ነው። ኪሎ ሜትሩም እንዲሁ። «ቆጣሪው ላይ የተነበበ» የሚል ውል መኪናው በእርግጥ ያን ያህል ብቻ ነድቷል አይልም።

ውሉን ፎቶ አንሥተህ ሳትፈርም ውጣ፤ ጀርመንኛ ለሚችል ሰው አስነብብ፤ ከዚያ ተመለስ። «ዛሬ ካልፈረምክ ሌላ ገዢ አለ» ካለህ ለሌላው ገዢ ይሽጥለት። ገዝቶ በ14 ቀን መመለስ ይቻላል የሚባለውንም እርሳው፤ ያ መብት በኢንተርኔት ወይም በስልክ ብቻ ለተዋዋልከው ነው፤ ግቢው ቆመህ ለፈረምከው አይሠራም።

3. ሊብሬው። እኛ አገር አንድ ሊብሬ ነው፣ እዚህ ሁለት ወረቀት ነው። ታይል 1፣ በድሮ ስሙ ሻይን፣ መኪና ውስጥ የሚያዘው ነው። ታይል 2፣ ብሪፍ የሚሉት፣ ቤት የሚቀመጠው ነው። ብሪፉን ዓይተህ፣ ዳብሰህ፣ ከመኪናው ጋር አመሳክረህ ካልያዝክ አንድ ሳንቲም አትስጥ፤ ቀብድም ቢሆን። «ባንክ ነው ያለው፣ በፖስታ እልክልሃለሁ» ማለት ብዙ ጊዜ መኪናው ገና በብድር ተይዟል ማለት ነው። ያለ ብሪፍ የገዛ ሰው በቅን ልቡና ነው የገዛሁት ብሎ መከራከርም አይችልም፤ የተሰረቀ መኪና ከሆነ ደግሞ ብሪፍም ቢኖር ባለቤቱ ይወስደዋል። የምታመሳክረው፦ «ኢ» በሚለው ሣጥን ያለውን 17 ሆሄና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ላይ ከተመታው ጋር፣ በወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር። ስሙ የሌላ ሰው ከሆነ በፊርማ የተሰጠ ውክልናና የባለቤቱን መታወቂያ ቅጂ ጠይቅ። ከ2015 ወዲህ በወጣ ታይል 1፣ ከ2018 ወዲህ በወጣ ታይል 2 ላይ ተፍቆ የሚነበብ ምስጢር ቁጥር አለ፤ አንተ አትፋቀው፤ ተፍቆ ካገኘኸው ለምን እንደተፋቀ ጠይቅ።

ስለ መኪናው ራሱ ባጭሩ። አዲስ ቱፍ (መኪና በየጊዜው የሚያልፈው የቴክኒክ ምርመራ) አለው ማለት ፍሬኑ፣ መሪው፣ መብራቱ፣ ጭሱና የሻንሲው ዝገት በዚያ ቀን አልፏል ማለት ነው፤ የታይሚንግ ቺንጊያው ነገ አይበጠስም፣ ካምቢዮው ደህና ነው ማለት አይደለም። የኋላ ታርጋው ላይ ካለው ክብ ምልክት ላይ በኩል ያለው ቁጥር የሚያልቅበት ወር ነው፣ መሐሉ ዓመቱ። ስትደርስ ኮፈኑን ዳብስ፤ ከሞቀ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የሚንኳኳ ነገር እንዳትሰማ ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶታል፤ እስኪበርድ ጠብቅ። የዘይት መክፈቻው ሥር ነጭ ማዮኔዝ የመሰለ ነገር ከረጋ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ጠርጥር፤ በክረምት አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪናም ይህን ያሳያል፤ ስለዚህ የራዲያተሩን ውሃ አብረህ እይ። ናፍጣ ከሆነ ለአጭር መንገድ አትግዛው፤ የጭስ ማጣሪያው ይደፈናል፤ በዚያ ላይ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴ የጭስ ምልክት ቢኖርም የቆዩ ናፍጣዎችን የሚከለክል ከተማ ሊኖር ስለሚችል የምትኖርበትን ከተማ ደንብ አጣራ። ጎማው ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2319 ካለ በ2019 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ዴክራ ወይም ቱፍ የሚባሉት የምርመራ ድርጅቶች ጋ ወስደህ የግዢ ምርመራ ማስደረግ መቶ ዩሮና ከዚያ በላይ ያስወጣል፤ ሻጩ «አይሆንም» ካለ ግን መልሱን በነፃ አገኘህ።

4. ምዝገባው፤ ማለትም ስምህ። ጹላሱንግስሽቴሌ የሚባለው መመዝገቢያ ቢሮ የሚፈልገው ይታወቃል፦ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የአድራሻ ማስረጃ፣ ሁለቱ ታይሎች፣ የቱፉ ሪፖርት፣ ለግብር መቁረጫ የባንክ ቁጥር ያለበት የተፈረመ ቅጽ፣ የመኪናው ምዝገባ ካልተሰረዘ የድሮዎቹ ታርጋዎች፣ መኪናው ዋስትና እንዳለው ማረጋገጫ ከኢንሹራንስ የሚሰጥህ ሰባት ሆሄ ያለው ኤፋውቤ ቁጥር። ሁሉም ተሟልቶ የሐበሻ ሰው ከባንኮኒው የሚመለሰው በስሙ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት የአያትን ስም ናኽናሜ (የቤተሰብ ስም) ያደርጋል፣ ሌላው የአባትን፤ ፓስፖርቱ ላይ አንድ «ኤ» የበዛበት አለ። ኢንሹራንሱን በኢንተርኔት ስትሞላ እንደለመድከው «የራስና የአባት» ብለህ ከሞላህ፣ ኤፋውቤው ሲስተም ውስጥ ሲከፈት ሌላ ሰው ሆነህ ትወጣለህ። ስለዚህ የአድራሻ ማስረጃህን ፊት ለፊትህ አስቀምጥ፤ እዚያ እንደተጻፈው፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በዚያው ፊደል ሙላ። የአድራሻ ማስረጃውና ፓስፖርቱ ራሳቸው ካልተስማሙ ቀጠሮ ከመያዝህ በፊት የአድራሻ ምዝገባ ቢሮ ሄደህ አስተካክል።

ባንኮኒ ላይ ያለው ሠራተኛ ገላምጦህ «ይሄ አይሆንም» ብሎ ወረቀትህን ሊገፋልህ ይችላል። አትቆጣ፣ አትሂድም። «ምን እንደጎደለ ይጻፉልኝ» በለው። መጻፍ ሲመጣ ብዙዎቹ ረጋ ብለው እንደገና ያያሉ፤ ካልሆነም የጎደለውን በትክክል ይዘህ ትመለሳለህ። የቢሮው ቋንቋ ጀርመንኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ የመመለስ ግዴታ የለባቸውም፤ ሰው ይዘህ ሂድ። ቀጠሮውን መኪና ሳትገዛ ያዝ፤ በትልልቅ ከተሞች ክፍት ቀን ማግኘት ጊዜ ይወስዳል።

ኢንሹራንስ ላይ ሁለት ነገር። ኤፋውቤ የሚሰጥህ ጊዜያዊ ሽፋን የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው፤ የራስህን መኪና ጉዳት በከፊል የሚሸፍነው ቴይልካስኮ ወይም ሙሉው ፎልካስኮ ከመጀመሪያው ቀን እንዲጀምር ከፈለግህ በግልጽ ጠይቅና በጽሑፍ ተቀበል። ሁለተኛ፣ መኪናውን የሚነዱትን በሙሉ አስመዝግብ፤ ያልተጻፈ ሰው ሲነዳ አደጋ ከደረሰ ኩባንያው ተጨማሪ ክፍያ ወይም የውል ቅጣት ሊጠይቅህ ይችላል። ያለ አደጋ የነዳህበት ዓመት ሲጨምር ክፍያው በክፍል ይቀንሳል፤ አንተ እንደ ጀማሪ ከዜሮ ክፍል ስለምትጀምር ውድ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የነዳህባቸው ዓመቶች ይቆጠሩልኝ እንደሆነ እያንዳንዱን ኩባንያ ጠይቅ፤ መልሳቸው ይለያያል። ዋጋ ለማነጻጸር ታይል 1 ላይ 2.1 እና 2.2 የሚሉት ሣጥኖች ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ይበቁሃል፤ ከመግዛትህ በፊት ሻጩ ፎቶውን ይላክልህ። መኪናው 3,000 ዩሮ ሆኖ ኢንሹራንሱ የዓመት ብቻውን ከ1,000 ሲያልፍ ያኔ ታያለህ።

መኪናውን ወደ ቤት ማምጣት። ታርጋው ካልወረደ (ምዝገባው ካልተሰረዘ) በሻጩ ኢንሹራንስ ነድተህ መሄድ ትችላለህ፤ የኢንሹራንስ ውሉ መኪናው ሲሸጥ አብሮ ይተላለፋል። ለዚህ ነው የሽያጭ ውሉ ላይ ቀኑ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም የሚጻፈው፤ 14፡30 ተብሎ ከተጻፈ ከዚያ በኋላ ያለው የራዳር ቅጣት ያንተ ነው። በዚያው ሳምንት አስመዝግብ። ታርጋው ከወረደ ግን አንድ ሜትርም መንገድ ላይ አታውጣው። ቀላሉ መንገድ፦ ከፍለህ ሁለቱን ታይልና ቁልፉን ውሰድ፤ መኪናው እስከዚህ ቀን እዚያው ይቆማል ብለህ ውሉ ላይ አስጽፍ፤ በከተማህ አስመዝግበህ ታርጋውን ይዘህ ተመለስ። በቀኝ በኩል ቢጫ ላይ ቀን የተጻፈበት የአምስት ቀን ታርጋም አለ፤ ቱፉ ካለፈበት ግን ለምርመራ ጣቢያ መሄጃ ብቻ ነው የሚሆንህ። ክፍያውን ጥሬ ገንዘብ ከያዝክ ባንክ ውስጥ አስቆጥር፤ አለዚያ በቅጽበታዊ ዝውውር ላክ፤ በሴኮንዶች ውስጥ ሻጩ ስልክ ላይ ይታያል።

ግብሩን የሚሰበስበው ጉምሩክ ነው፤ ደብዳቤው ከሳምንታት በኋላ ስለሚመጣ ሒሳብህ ባዶ እንዳይሆን። በ2010 ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበ፣ 1,400 ሲሲ ቤንዚን፣ በኪሎ ሜትር 140 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያወጣ መኪና እንዲህ ይሰላል፦ ለእያንዳንዱ 100 ሲሲ 2 ዩሮ፣ 28 ይሆናል፤ ከ120 ግራም በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ግራም 2 ዩሮ፣ 40 ይሆናል፤ በዓመት 68 ዩሮ። ናፍጣ ቢሆን ለ100 ሲሲ 9.50 ነው፤ 1,400 ሲሲው ብቻውን 133 ዩሮ ያደርስልሃል።

ያየኸው መኪና ካለ የውሉን ፎቶ ስምና አድራሻውን ሸፍነህ እዚሁ ሥር ለጥፈው፤ ከመፈረምህ በፊት ቃል በቃል እናነብልሃለን።