ኦገስት እስኪደርስ

ሰላም እትዬ፣

ይህን የምጽፍልዎት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ከሥራ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ። እውነቱን ልናገርና ትዕግሥቴ አልቋል። አምድዎን እህቴም ታነባለች፣ ራሷን ካወቀች ትወቅ፣ ከእንግዲህ ግድ የለኝም።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ዕድሜዬ 29። ትልቋ እህቴና ባለቤቷ ቤት ቤዝመንቱ ውስጥ ነኝ። ኪራይ በወሩ መጀመሪያ እከፍላለሁ፣ አንድም ቀን አሳልፌ አላውቅም። ማታ ማታ ፓርኪንግ እሠራለሁ። ፓራሜዲክ፣ አምቡላንስ ላይ የሚያክም ባለሙያ፣ መሆን ነው የምፈልገው። ጥፋቴ ይኸው ነው።

እህቴ ኤልፒኤን (ከሙሉ ነርስ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለች) ነርስ ናት፣ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ውስጥ ትሠራለች። እንደ እሷ አባባል በዚህ አገር ያለው ሥራ ሁለት ብቻ ነው፣ ነርስነትና ትራክ። ጠዋት ቡና ላይ "መቼ ነው የሚጀመረው ይሄ ትምህርትህ?" ትላለች። ለሥራ ስወጣ "ዛሬም አልጠሩህም?" ባለቤቷ ደግሞ ትራክ ስለሚነዳ ሲዲኤል (የትራክ መንጃ ፈቃድ) አውጣ፣ ሲዲኤል አውጣ፣ ሌላ ወሬ የለውም። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከአንዲት ሴትዮ ጋር አስተዋወቀችኝ። "ወንድሜ ነው፣ አምቡላንስ ሊነዳ እየጠበቀ ነው" አለቻት። ሴትየዋ እጄን ይዛ "አይዞህ፣ እግዚአብሔር የተሻለ ያመጣል" አለችኝ። አጽናናችኝ እኮ ነው የምልዎት!

ስንት ጊዜ ላስረዳ? መንዳት አይደለም። መጀመሪያ ኢኤምቲ፣ የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻን፣ ትሆናለህ፣ እሱን ጨርሻለሁ፣ አገር አቀፉን ፈተናም ባለፈው ጁላይ በመጀመሪያው ሙከራ አልፌያለሁ። ፓራሜዲክ ከዚያ በላይ ነው። ከሺ ሰዓት በላይ ትምህርትና ልምምድ አለው፣ ኢኬጂ (የልብ ምት ምርመራ) ማንበብ፣ በደም ሥር መድኃኒት መስጠት፣ ጉሮሮ ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት። እሷ ነርስ ሆና የማትነካው ነገር አለበት። ይህን ስነግራት ትስቃለች።

ኮሌጁም አልረዳኝም። መጀመሪያ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ነህ አሉኝ። ከዚያ ለጃንዋሪ አንድ ቦታ ተገኘ ብለው ኢሜይል ላኩ፣ ግን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ወረቀቴን በቀኑ ስላላስገባሁ አለፈኝ። አሁን ኦገስት ነው የሚሉት። ለእህቴ "ተራዘመ" ነው ያልኳት፣ ለእሷ ዝርዝር ማስረዳት ራስ ምታት ነው። እሷ ደግሞ ያንን ይዛ "አየህ፣ የማይረባ ትምህርት ቤት ነው" እያለች ታዞረዋለች።

ሰው "ምን ትሠራለህ?" ሲል "እየጠበቅኩ ነው" ማለት ምን እንደሚያህል የሚያውቅ ያውቀዋል። አብሮኝ ከአዲስ አበባ የመጣው ልጅ የራሱን ትራክ ገዝቷል። ሌላው ሚስት አግብቷል። እኔ ኢሜይል እያየሁ ነው።

ሥራውን ሳላየው ተመኝቼው አይደለም። ኢኤምቲ ስንማር ከሠራተኞች ጋር አምቡላንስ ላይ ወጥተናል። ብዙው ጥሩ ነበር፣ አስም፣ ሰካራም፣ ደረጃ ላይ የወደቀ ሰው። አንድ ቀን የሐበሻ ቤት ደረሰን። አባትየው ልባቸው ቆሞ ነው የደረስነው፣ እኔም በተራዬ ደረታቸውን ተጫንኩ፣ በመጨረሻ ሠራተኞቹ ከሐኪም ጋር በስልክ ተነጋግረው እዚያው አቆሙ። ባለቤታቸው እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ፓራሜዲኩ "ሞተዋል ብለህ ንገራቸው" አለኝ። እኔም "አረፍ ብለዋል" አልኳቸው። "ተመስገን" ብለው ገብተው ጋቢ አመጡላቸው። ከዚያ ስንወጣ ልጃቸው መጣ፣ ጩኸት ሰማሁ፣ ሌላ ጥሪ ነበረን፣ ሄድን። እንግዲህ ከሥራው ጋር የሚመጣ ነው።

ለማንኛውም ጥያቄዬ እህቴን እንዴት ዝም ላሰኛት ነው። ቤት ልልቀቅ? ለብቻዬ ብከራይ ለትምህርት ያጠራቀምኩት እዚያው ያልቃል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ባለፈው ሳምንት ከኮሌጁ ኢሜይል መጣ። ሳልከፍተው "ክላሱ ተሰርዟል ሊሉኝ ነው" ብዬ አሰብኩ፣ እና ደስ አለኝ። ስከፍተው የዩኒፎርም ቁጥሬን ነው የጠየቁት። እንዲህ ደስ የሚለው ሰው ይህን ሥራ መማር አለበት እትዬ?

ኦገስትን ጠባቂ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

*

ወንድሜ፣

እህትህ ትነዘንዛለች፣ ትልቅ እህት ናትና። እሷን ለጊዜው እንተዋት። ጋቢው ላይ እንመለስ።

ስለ ቡናና ስለ ትራክ ገጽ ሙሉ ጻፍክልኝ፣ ጋቢውን በአንድ መስመር አለፍከው። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ሦስቴም እዚያ ላይ ነው የቆምኩት። እኒያ እናት ባለቤታቸው እንዳይበርዳቸው ብለው ጋቢ ይዘው ሲመጡ አንተ እዚያው ቆመሃል። ተቀብለህ አለበስካቸው? አልነገርከኝም። ያለበስካቸው ይመስለኛል።

"አረፍ ብለዋል"። ወይ ጉድ! አማርኛችን እንዲህ ነው። "አረፉ" ስትል ሰውየው ሞቱ፣ "አረፍ አሉ" ስትል ጋደም አሉ። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት "አሉ" ናት። ይህን ሳታውቅ ቀርተህ አይደለም፣ አማርኛህን ከደብዳቤህ አይቼዋለሁ። አንደኛውን ልትል ጀምረህ አፍህ ላይ ሲደርስ ሌላኛው ሆነብህ። ውሸት አልተናገርክም፣ እውነቱም አልወጣም። እሳቸው ደግሞ እንደማንኛውም የደነገጠ ሰው የሚሻላቸውን ትርጉም ያዙ።

ልቆጣህ ነው፣ ቻለኝ። መጠበቅ ምን እንደሚያህል ጽፈህልኛል። እሳቸውም ጠበቁ። ልጃቸው እስኪመጣ አስከሬን አጠገብ ሆነው "አሁን ይነቁ ይሆናል" እያሉ። ያችን ሰዓት ማንም አይመልስላቸውም።

እኔ በዚህ ጉዳይ ሚዛናዊ ሰው አይደለሁም፣ አስቀድሜ ልንገርህ። አባቴ ሲያርፍ ውጭ አገር ተማሪ ነበርኩ። ፈተናዬን እንዳላበላሽ ተብሎ አምስት ወር ተደበቀብኝ። ስደውል "ጠበል ናቸው፣ እዚያ ስልክ አይዝም" ይሉኛል። ለመድኃኒት ብዬ ብር ላክሁ፣ ብሩ ለአርባው ተዝካር ዋለ። አንድ ቅዳሜ ሊነጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። በቀዳዳው ሳይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከኋላቸው ፔርሙስ የያዙ ወንዶች። ከፍቼ አልጨረስኩም፣ አወቅኩት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ሞቱ አይደለም፣ ያ "ጠበል ናቸው" ነው። አምስት ወር ሙሉ ለሞተ ሰው ሰላምታ አድርሱልኝ ስል ኖሬያለሁ።

ግን አንድ ነገር አልክድም። የነገሩኝ ቀን ብቻዬን አልነበርኩም። ስወድቅ የያዘኝ እጅ ነበር፣ ውሃ ያቀበለኝ፣ በሥራ ቦታዬ የደወለልኝ ሰው ነበር። መርዶ ሲባል ሰዓቱ ይመረጣል፣ የሚነግረው ሽማግሌ ይመረጣል፣ አጠገብ የሚቀመጠው ሳይቀር ይታሰብበታል። አንተ ያደግከው በዚህ ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚያስተምሩት። "ሞተ" የምትለዋን ቃል ሳታድበሰብስ ተናገር፣ "አጣናቸው" ወይም "ተለዩን" አትበል፣ ሰው ለስላሳውን ቃል ይዞ ተስፋ ያደርጋል ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ጋቢው ምስክር ነው። ያን ቀን ሁለቱም አፍህ ላይ ተገናኙና አንዱም ሙሉ ሆኖ አልወጣም።

እና ደግሞ ተማሪ ነበርክ። ደረት ተጭነህ ላብህ ሳይደርቅ፣ ያለ ምንም ዝግጅት፣ ሐበሻ ስለሆንክ ብቻ መርዶ ንገር ተባልክ። ትልቅ ሥራ ነው የተሸከምከው። በስልክ የሚያስተረጉሙ ባለሙያዎች አሉ፣ ለዚህ ነው የተቀጠሩት። ፓራሜዲኩ ክፉ ሰው ነው አልልም፣ ቸኩሎ ነበር። ግን ተማሪን እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ማቆም ልክ አይደለም፣ ይህን አስተማሪህ ማወቅ አለበት። ንገረው። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለህም እንዴ? ከሆነ በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች የሚያነጋግሩት አማካሪ አለ፣ ሄዶ ማውራት ነውር የለውም። ለቅሶ ልድረስ ብለህ ግን ያን በር እንዳታንኳኳ። አድራሻውን ያወቅከው በሥራ ነው፣ የበሽተኛ ምስጢር ነው። እኔም ብሆን እግራቸው ላይ ብወድቅ ደስ ይለኝ ነበር፣ አይሆንም።

አሁን ወደ ጃንዋሪው። ኪራይ አንድ ቀን አሳልፎ የማያውቅ ልጅ የክትባት ወረቀት በቀኑ አላስገባሁም ሲለኝ እስቃለሁ። አምቡላንስ ላይ ስትወጣ ያንኑ ወረቀት ሳይጠይቁህ አልቀሩም፣ ስለዚህ መሳቢያህ ውስጥ ተኝቷል። ቢጠፋ እንኳ ደም ሰጥተህ መከተብህን የሚያሳይ ምርመራ አለ፣ የቀናት ጉዳይ ነው። ኮሌጁ መቼ አስጠበቀህ? ቦታው ደርሶህ ነበር፣ አንተ ነህ በሩን ከውስጥ የያዝከው። ለእህትህም "ተራዘመ" ስትላት ያው "አረፍ ብለዋል" ነው ያልካት። እሷም ያንን ይዛ ስድስት ወር ኮሌጁን ስትረግም ከረመች፣ ኮሌጁ ምን በደለ?

ጥያቄህ መማር አለብኝ ወይ ነበር። አዎ ተማር። ያን ቤት ረስተኸው ቢሆን ኖሮ የእህትህን ባል ስማ፣ ሲዲኤልህን አውጣ ነበር የምልህ። አንተ ግን ከነጋቢው ይዘኸው ነው የምትዞረው። ክላሱ ተሰረዘ ብለህ ስታስብ ደስ ያለህ ሌላ እንዲህ ያለ ቤት ስለማትገባ ነው። ትገባለህ። ሲልቨር ስፕሪንግና የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ልጆቻቸው ሁለት ሥራ ሲሠሩ ቤት የሚውሉ ስንት እናቶችና አባቶች አሉ! እማማ "ልቤን" እያሉ ጨጓራቸውን ያሳያሉ። ሌላው "ጨጓራዬ ናት፣ ትተወኛለች" ይላሉ፣ የታመመው ልባቸው ነው። ይህን በስልክ ያለ አስተርጓሚ በእጅ የተጠቆመውን ስለማያይ ሊስተው ይችላል። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ "እማማ፣ የቱ ጋ ነው? ያቃጥላል ወይስ ይጫናል? ወደ ክንድ ይወርዳል?" የሚል አንድ ሰው እዚያ አምቡላንስ ውስጥ ቢኖር ምን እንደሚጠቅም አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ።

ኦገስት እስኪደርስ ግን ቤዝመንት ውስጥ ቁጭ አትበል። አገር አቀፉ የኢኤምቲ ምስክር ወረቀት ዕድሜ አለው፣ በየሁለት ዓመቱ 40 ሰዓት የማደሻ ትምህርት ይጠይቃል፣ እጅም ካልሠራ ይረሳል። ሜሪላንድ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች የሚያገለግሉባቸው የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ጣቢያዎች ሞልተዋል። ከፓርኪንጉ አንድ ማታ ቀንስና ሂድ። የሐበሻ ቤት ሲደርሳችሁ፣ መድረሱ አይቀርም፣ መርዶውን ተማሪ አይንገር ማለትን አትፍራ። መናገሩ ያንተ ተራ ሲሆን ደግሞ ቁጭ በል። ቆመህ አትንገር። አጠገባቸው ማን እንዳለ ጠይቅ፣ ጎረቤትም ቢሆን ይጠራ። "ሞቱ" ማለት ምላስህ ላይ ከከበደ "ሕይወታቸው አልፏል" በል። ይህን ሰምቶ ጋቢ የሚያመጣ የለም። ከዚያ ዝም በል፣ አትሂድ።

አሁን እህትህ። እህት፣ ካነበብሽ "አምቡላንስ ሊነዳ" የምትዪውን ተዪ፣ የልጁ ልብ ቆስሏል። አንተ ደግሞ፣ እህትህ የምትሠራው ነርሲንግ ሆም ነው አልከኝ። የስንት ሽማግሌ ዓይን እንደከደነች ጠይቀሃት ታውቃለህ? ሌሊት ላይ ለስንት ቤተሰብ ደውላ እንደተናገረች? ነገ ቡና ላይ "መቼ ነው የሚጀመረው?" ስትልህ ስለ ጃንዋሪው ንገራት፣ ትጮህብሃለች፣ ትጩህ። ከዚያ የጋቢውን ንገራት። ከዚያ እሷ በስልክ ምን ብላ እንደምትጀምር ጠይቃትና ጻፍልኝ፣ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ። የክትባቱን ወረቀት ግን ቡናው ሳይፈላ አስገባ።