አንታርክቲካን ለማጥናት አንታርክቲካ መድረስ ግድ አይደለም

ውድ እህቴ፣

የፊዚክስ ዲግሪሽን ለመጨረስ አንድ ሴሚስተር እንደቀረሽ፣ የአንታርክቲካን የአየር ንብረት ማጥናት እንደምትፈልጊ፣ አባትሽ ግን «ሰው የማይኖርበትን በረዶ አጥንቶ ማን ኑሮ መሠረተ?» እያሉ ባንክ ተቀጥረሽ ታናናሾችሽን እንድታስተምሪ እንደሚገፋፉሽ ጽፈሻል። አስምሽና እንግሊዝኛሽም ያሳስቡሻል። እኔን ብዕር ያስነሳኝ ግን በደብዳቤሽ መካከል ያለው «አገሬ እዚያ ጣቢያ እንኳ የላትም፤ ምን አገባኝ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

በሚገባ ያገባሻል። በምድር ላይ ካለው በረዶ 90 በመቶ ያህሉ የሚገኘው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የመጠቁት ግሬስ የተባሉ መንታ ሳተላይቶችና ተተኪዎቻቸው የምድርን ስበት እየለኩ እንዳሳዩት፣ አህጉሩ በዓመት በአማካይ ወደ 150 ቢሊዮን ቶን በረዶ እያጣ ነው። በምዕራብ በኩል ያለው የትዌይትስ የበረዶ ግግር ብቻውን ቢያልቅ የዓለምን የባሕር ጠለል ከግማሽ ሜትር በላይ ከፍ ያደርገዋል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ደግሞ ይህን ነው፦ ግዙፍ የበረዶ ክምር በስበቱ የባሕርን ውኃ ወደ ራሱ ስለሚስብ፣ ክምሩ ሲሳሳ በአቅራቢያው ያለው ጠለል ዝቅ ይላል፤ ጭማሪው ጎልቶ የሚታየው በሩቅ ባሉ ዳርቻዎች ነው። ስለዚህ የዚያ በረዶ ዕዳ ይበልጥ የሚያርፈው ከእሱ በራቁት ላይ ነው፤ የባሕር በር የሌለው አገርም ቢሆን ዕቃው የሚራገፈው በሌላው ወደብ ነው።

ያለፈውን ዘመን የምንረዳውም ከዚያው ነው። ዶም ሲ በተባለው ስፍራ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ተቆፍሮ የወጣው በረዶ የ800,000 ዓመት መዝገብ ይዟል። ቁራጩ አየር በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ ሲሰባበር በውስጡ ታፍኖ የኖረው ጥንታዊ አየር ይወጣል፤ ያ አየር ተለክቶ ነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዚያ ሁሉ ዘመን ከሚሊዮን እጅ ከ180 እስከ 300 ገደማ ሲዋዥቅ እንደኖረ የታወቀው። ዛሬ ከ420 አልፏል።

ከዚህ ሥራ በበረዶው ላይ ቆሞ የሚሠራው ጥቂቱ ነው። በሞቃቱ ወራት በአህጉሩ የሚገኙት ወደ 5,000 ሰዎች ቢሆኑ ነው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ መካኒኮች፣ ኤሌክትሪሺያኖችና ምግብ አብሳዮች ናቸው። (ያለሽ የመጓዝ ጉጉት ብቻ ከሆነ፣ ከዶክትሬት ይልቅ የኤሌክትሪክ ሙያ ፈጥኖ ያደርስሻል።) እኔ ወደ ምክር አገልግሎት ከመምጣቴ በፊት በየወደቡ የተተከሉ የባሕር ጠለል መለኪያዎችን መዝገብ አጣራ ነበር፤ ጠለሉ በአንድ ሌሊት ጥቂት ሴንቲሜትር ዘልሎ ሲታይ፣ ባሕሩ ከፍ ብሎ ይሁን ወይስ መለኪያው የቆመበት መድረክ ሰጥሞ፣ ከአጎራባች ጣቢያዎች ጋር እያስተያየሁ እለይ ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ስታቲስቲክስ፣ ፕሮግራሚንግና ትዕግሥት እንጂ ወፍራም ካፖርት አይደለም። ስለዚህ «የዋልታ ጥናት» የሚል ስም ያለውን ትምህርት አታሳድጂ፤ የውቅያኖስ ፊዚክስን ወይም የሳተላይት መረጃ ትንተናን ያዢ። አንታርክቲካ ባይሳካ እንኳ ያው ችሎታ በሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት፣ በወደብ ግንባታና በኢንሹራንስ ይፈለጋል።

አባትሽን በተመለከተ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ታናናሾችሽን የማስተማር ግዴታ በቅድሚያ የእሳቸው ነው። ከምታገኚው መርዳት መልካም ነው፤ ሙያሽን ግን መያዣ አድርገሽ አትስጪ። በአንጻሩ የገንዘብ ሥጋታቸውን አልንቅም፦ ተበድረሽ ማስተርስ አትጀምሪ። በዚህ መስክ በብዙ አገሮች የዶክትሬት ተማሪ አበል እየተከፈለው ነው የሚማረው፤ ሙሉ ስኮላርሺፕ እስኪገኝ ድረስ ባንክ ገብተሽ ብትሠሪም ነውር የለውም፣ የማመልከቻ ጊዜው እንዳያልፍሽ እንጂ።

አስም ቢበዛ ከጉዞ ያስቀርሽ ይሆናል እንጂ ከመስኩ አያስወጣሽም፤ እንግሊዝኛሽም ሳይንሳዊ ጽሑፎችን በየዕለቱ በማንበብ ይሻሻላል። የመመረቂያ ጽሑፍሽ ርዕስ ገና ካልጸደቀ ግን፣ በነፃ የሚገኘውን የግሬስ መረጃ አውርደሽ በአንድ የባሕር ዳርቻ ከሚገኝ የጠለል መለኪያ መዝገብ ጋር ለማነጻጸር ይፈቅዱልሽ እንደሆነ አማካሪሽን በዚህ ሳምንት ጠይቂያቸው። የስኮላርሺፕ መራጮች ከፍላጎት መግለጫሽ ይልቅ የሚመዝኑት እንዲህ ያለውን ሥራ ነው።