አይኪዶ እየተለማመድኩ ነው፤ ከእምነቴ ጋር ይጋጭብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አይኪዶ የሚባለውን የጃፓን ራስን የመከላከል ስልት መለማመድ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ንዴቴ በጣም ቀንሷል። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ከጸሎት ይልቅ ከልምምድ ስወጣ ነው ልቤ የሚረጋጋው። ከባለቤቴ ጋር እንኳ ስንጋጭ እንደተማርኩት ገለል እልላታለሁ፤ ጭቅጭቁ አየር መትቶ ይቀራል። ግን ስንገባና ስንወጣ ግድግዳው ላይ ላለው የመሥራቹ ፎቶ ጎንበስ ብለን እጅ እንነሣለን። "ኪ" ስለሚባል ኃይልም ያስተምሩናል። ኃጢአት እየሠራሁ ይሆን?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። አካልን ማሠልጠን ኃጢአት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ የሰውነት ልምምድ ለጥቂት ይጠቅማል ብሏል (1ኛ ጢሞ. 4፥8)። ለጥቂት አለ እንጂ ለምንም አላለም።

ስለ ፎቶው ብዙ አትጨነቅ። የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ የአክብሮት ግን ለሰውም ይሆናል። አብርሃም የመቃብር ቦታ ሊገዛ ሲደራደር ለኬጢ ልጆች ሰግዷል (ዘፍ. 23፥7)፤ አመለካቸው የሚል የለም። አንዳንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ግን የጃፓን ነባር እምነት የሆነው የሺንቶ አማልክት የሚከበሩበት ትንሽ መቅደስ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። እንዲህ ያለ ካለ አትስገድ፤ ለአሠልጣኝህም ቀድመህ በትሕትና ንገረው።

የ"ኪ" ነገር ግን ጠንቀቅ ማለትን ይጠይቃል። የአይኪዶ መሥራች ጃፓናዊው ሞሪሄ ኡዬሺባ (እ.ኤ.አ. 1883–1969) ጁጁትሱ የሚባለውን የትግል ስልት ተምሮ ብቻ አልቀረም። ኦሞቶ የሚባል ከሺንቶ የወጣ እምነት ተከታይ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1920 ቤተሰቡን ይዞ የእምነቱ ማዕከል ወዳለባት አያቤ ከተማ እስከ መዛወር ደርሷል። ስለዚህ ስለ ኪና ስለ ፍጥረተ ዓለም ስምምነት ሲናገር ስፖርት ብቻ አልነበረም የሚያወራው። አሠልጣኝህ "ኪ" ሲል ትንፋሽን፣ አቋቋምን፣ ልብን መሰብሰብን ማለቱ ከሆነ ተማር። በሁሉ ውስጥ ያለ መለኮታዊ ኃይል ነው ካለህ ግን ስማውና እዚያው ተወው። መንፈስ ቅዱስ ከእምብርት በታች ተጠራቅሞ በእጅ የሚወጣ ጉልበት አይደለም። እርሱ ጌታ ነው፤ እንለምነዋለን እንጂ አንዘውረውም።

መረጋጋቱስ? አንድ ሰዓት ሙሉ ሲወድቅና ሲነሣ የቆየ ሰው ደክሞት፣ ትንፋሹ ሰክኖ ቢረጋጋ ምን ይገርማል። ጥሩ ነው፣ አመስግን። ጸሎት ግን እንዲያረጋጋን ብቻ አልተሰጠንም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ይረብሻል፣ ያስቀየምነውን ሰው ፊታችን አምጥቶ ይደቅንብናል።

አሁን ያልጠየቅከኝን ልመልስልህ ነው፣ አትቀየመኝ።

"ገለል እልላታለሁ" ያልከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አይኪዶ ውስጥ ቴንካን የምትሉት መዞር አለ አይደል? እሱ እኮ ማምለጥ አይደለም። የሚመጣብህን ሰው ሳትለቀው ዞረህ ጎኑ ትቆማለህ፤ እሱ ወደሚያይበት አቅጣጫ አብረኸው ታያለህ። አንተ ቤትህ የወሰድከው ግማሹን ብቻ ነው። ገለል ብለሃል፣ ጎኗ ግን አልቆምክም፤ ምን እያየች እንደምትጮህም አላየህም። ጭቅጭቁ አየር መትቶ ቀረ ትለኛለህ፤ አየር የመታችው እኮ ሚስትህ ናት! አብዛኛው አይኪዶ ውድድር የለውም፣ አንተ ግን ሳሎንህ ውስጥ ነጥብ ትቆጥራለህ።

ቅዱስ ጴጥሮስ ባሎች ሚስቶቻቸውን እንዲያከብሩ ሲያዝዝ ምክንያቱን ጨምሮ ነው፦ ጸሎታችሁ እንዳይከለከል (1ኛ ጴጥ. 3፥7)። ጸሎትህ ለምን እንደማያሳርፍህ ከምንጣፉ ላይ ሳይሆን እዚህ ጋ ፈልገው። ማሠልጠኛ ስትገባ መጀመሪያ ያስተማሩህ አወዳደቅ ነው፤ ሳትሰበር መውደቅ። እስቲ ዛሬ ማታ ቁጭ በልና "ባለፈው ምን ልትነግሪኝ ነበር?" ብለህ ጠይቃት፣ እስክትጨርስ ስማት። ጥፋቱ ያንተ ሆኖ ካገኘኸው ውደቅላት፣ ይቅርታ በላት። ከዚያ ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ፤ እኔ በጽሑፍ ከምመልስልህ እርሳቸው ያውቁሃል።

ልምምዱን አትተው። ብቻ እሁድ ጠዋት ከሆነ ሰዓቱን አስቀይር።