መልስ፦ ሐኪሙ ወንድሜን በቀጭን መስመር ላይ ያራመደው ለምንድን ነው?

እህቴ፣ ስኪዞፍሬኒያ የተባለው የአእምሮ ሕመም ያለበትን ወንድምሽን ሐኪሙ ተረከዙን ከእግሩ ጣት እያገናኘ ያራመደውና እጁን ያገለባበጠው ለምን እንደሆነ ጠይቀሻል። ምርመራው ተገቢ ነው።

የሚፈለጉት ረቂቅ የነርቭ ምልክቶች ናቸው፤ እንደ ሽባነት ጎልተው አይታዩም። ለምሳሌ ጡጫን፣ የእጅን ጠርዝና መዳፍን እያፈራረቁ ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ ቀላል ይመስላል። አንዳንዱ ሕመምተኛ ግን ሁለት ዙር በትክክል ይሠራና በሦስተኛው ቅደም ተከተሉ ይጠፋበታል። እጁ ጉልበት አላጣም፤ የተዛባው ቅንብሩ ነው።

ከዚህ ጋር ስሙ የሚነሳው ሴሬቤለም ነው፤ ከራስ ቅል በስተኋላ፣ ከታች የተቀመጠው ትንሹ አንጎል። ክብደቱ ከጠቅላላው አንጎል አንድ አሥረኛ ያህል ቢሆንም፣ ከአንጎል የነርቭ ሴሎች 80 በመቶ ያህሉ የሚገኙት እዚያ ነው። አሜሪካዊቷ የአእምሮ ሐኪም ናንሲ አንድሪያሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያቀረቡት ሐሳብ ሁልጊዜ ይመስጠኛል፦ ሴሬቤለም እርምጃን እንደሚያቃና ሁሉ የሐሳብንም ፍሰት ያቃናል፤ በአንጎል መሃል ሆኖ መልእክት ከሚያስተላልፈው ከታላመስና ከፊተኛው የአንጎል ክፍል ጋር ያለው ግንኙነት ሲታወክ ሐሳብም ይደናቀፋል።

«መድኃኒቱ ይሆን ያመጣበት?» ላልሽው፣ መድኃኒቱ መንቀጥቀጥና የሰውነት መገተር ሊያስከትል ስለሚችል ያየሽውን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሪው። ረቂቆቹ ምልክቶች ግን መድኃኒት ፈጽሞ ባልጀመሩ ሕመምተኞችም ላይ ታይተዋል። በጤነኞችም ላይ አልፎ አልፎ ስለሚገኙ ብቻቸውን በሽታውን አያረጋግጡም። እባክሽ፣ ሐኪሙን ሳታማክሩ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ።