ሩት 66ን በሐምሌ ለብቻ መንዳት

«ከቺካጎ እስከ ሳንታ ሞኒካ ብቻዬን ልነዳ ነው፤ አስር ቀን ይበቃኛል?» ላልሽው፣ ይበቃሻል፤ ግን ያጣድፍሻል። ሩት 66 የሚባለው ይህ የድሮ የአሜሪካ መንገድ 3,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ብሆን ሁለት ሳምንት እይዛለሁ።

መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1926 ተሰይሞ በ1985 ከአውራ ጎዳናነት ተሰርዟል። ስለዚህ የስልክሽን ካርታ ዝም ብለሽ ከተከተልሽ ኢንተርስቴት 40 የሚባለው አዲሱ ፈጣን መንገድ ላይ ይጥልሽና አሮጌውን መንገድ ሳታዪው ታልፊያለሽ። ጉዞሽን ከከተማ ከተማ እየቆራረጥሽ ካርታው ላይ አስገቢ።

ቴክሳስን ቶሎ እለፊና አሪዞና ላይ ዘና በይ። ከሴሊግማን እስከ ኪንግማን ያለው ግሩም ነው። ከዚያ ጠመዝማዛውን ተራራ ወጥተሽ ኦትማን የምትባል ትንሽ ከተማ ትደርሻለሽ። እዚያ አህዮች መሀል አስፋልት ላይ ቆመው መኪና ያስቆማሉ፤ የድሮ ወርቅ ቆፋሪዎች ትተዋቸው የሄዱት አህዮች ዘር ናቸው። አገር ቤት የገባሽ ነው የሚመስልሽ!

ሞሃቬ በረሃ ላይ ግን ቀልድ የለም። በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሳይነጋ ተነሺ፣ ኒድልስ ከተማ ላይ ቤንዚን ቅጂ፣ ውሃ በጋሎን ያዢ። ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ ስላለ በየት እንደምታልፊ ለቤተሰብ ቀድመሽ ንገሪ። መኪናሽ ቢበላሽም ጥለሽው በእግር እንዳትሄጂ፣ እህቴ።