አንድ ሎወር፣ ሁለት አፐር፦ ከዳላስ ወደ ሜሪላንድ ለሚዛወረው ወንድማችን

ዳላስ ያለው ወንድማችን የጠየቀው ይህን ነው። አንድ ኤአር-15 የሚባለው ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ አለው። ይህ ጠመንጃ ለሁለት ይከፈላል፦ ምላጩና ሰደፉ ያሉበት የታችኛው ክፍል ሎወር፣ በርሜሉ ያለበት የላይኛው ክፍል አፐር ይባላል። በቅርቡ ሁለተኛ አፐር ገዝቷል፤ አሁን ደግሞ ባለ 10.5 ኢንች አጭር አፐር አምሮታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ይዛወራል። "እያንዳንዱን ማስመዝገብ አለብኝ ወይ?" ይላል። እኔም ጠመንጃዬን ይዤ ከቴክሳስ ወደ ሜሪላንድ የመጣሁ ስለሆንኩ የማውቀውን ልበል።

መጀመሪያ፣ አገር ቤት የምናውቀውን ዓይነት ምዝገባ ቴክሳስ ውስጥ አትፈልገው። የለም። የፌዴራል መንግሥቱም ተራ ጠመንጃ አይመዘግብም፤ በ1986 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የወጣ ሕግ እንዲህ ያለ አገር አቀፍ መዝገብ እንዳይቋቋም ይከለክላል። ስትገዛ የሞላኸው ፎርም 4473 እዚያው ሻጩ ጋ ነው የሚቀመጠው።

በፌዴራል ሕግ ዓይን ያንተ "መሣሪያ" ቁጥሩ የተቀረጸበት ሎወር ብቻ ነው። በርሜሉ፣ ሰደፉ፣ ካዝናው፣ አፐሩ ራሱ ተራ ዕቃ ነው፤ በፖስታ፣ ቤትህ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ ለሁለተኛው አፐር ምንም አትሞላም። ይህን ግን ለሁሉም መሣሪያ እንዳታደርገው። ኤፍኤን ስካር ላይ ቁጥሩ ያለው አፐሩ ላይ ነው። ሲግ ፒ320 ሽጉጥ ላይ ደግሞ ሕጉ የሚቆጥረው ውስጥ ያለችውን የምላጭ ክፍል ነው፤ እጀታውን እንደ ልብስ ብትቀያይረው ያው አንድ ሽጉጥ ነው።

ነገሩ የሚከረው አጭሩ አፐር ላይ ነው። እዚህ ሕጉ ቁጥሩን ሳይሆን የተገጠመውን ነው የሚያየው። ሰደፍ ያለው ጠመንጃ በርሜሉ ከ16 ኢንች ካነሰ፣ ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ26 ኢንች ካነሰ፣ በ1934ቱ የፌዴራል የመሣሪያ ሕግ ሥር ይገባል። ያኔ እውነተኛ ምዝገባ አለ። ፎርም 1 ሞልተህ፣ አሻራና ፎቶ ልከህ፣ ኤቲኤፍ (መሣሪያን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ሲፈቅድልህ ብቻ ነው የምትገጥመው። ከፎርሙ ጋር ይከፈል የነበረው የ200 ዶላር ታክስ ከጥር 2026 መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ለአጭር ጠመንጃ ዜሮ ሆኗል። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ "ምዝገባው ቀረ" ይላል። አልቀረም! የቀረው ክፍያው ነው። ሳያስመዘግቡ መያዝ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል።

እኔ ቴክሳስ እያለሁ አንድ አጭር ጠመንጃ በፎርም 1 ሠርቻለሁ። ፈቃዱ እስኪመጣ አጭሩን አፐር አልገዛሁም። አንዳንዱ "ካልገጠምኩት ምን አገባቸው" ይላል። ቤትህ ውስጥ ያለው ሎወር ባለ ሰደፍ አንድ ብቻ ከሆነና አጭሩ አፐር ሌላ ሕጋዊ የሚገጠምበት ከሌለው፣ ዐቃቤ ሕግ ሳይገጠምም ሊከስህ ይችላል። በ1992 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለመሣሪያ ሠሪው ለቶምፕሰን ሴንተር ኩባንያ የፈረደለት ግን ክፍሎቹ በሕጋዊ መንገድም ሊገጠሙ ስለሚችሉ ነበር። ፈቃዱ ሲመጣ ደግሞ ስምህን፣ ከተማህንና ስቴትህን ሎወሩ ላይ ታስቀርጻለህ። ከዚያ በኋላ በዚያው ሎወር ላይ አፐር ብትቀያይር አዲስ ምዝገባ የለም። "ሰደፉን አውልቄ ሽጉጥ አደርገዋለሁ" የሚለውንም እርሳው፤ መጀመሪያ ጠመንጃ ሆኖ የተሠራ ሎወር በአጭር በርሜል ሽጉጥ አይሆንም።

አሁን ሜሪላንድ። ከ2013 ወዲህ ኤአር-15 ወደዚህ ስቴት ማስገባት የተከለከለ ነው። ከክልከላው ነፃ የተተወው ወፍራም በርሜል ያለው፣ ኤችባር የሚባለው ነው። ስለዚህ ያው ሎወር ወፍራም በርሜል ሲገጠምበት ሕጋዊ፣ ቀጭን ሲገጠምበት ወንጀል ይሆናል። እኔ ቀጭኑን አፐር እዚያው ቴክሳስ ሸጬ፣ ኤችባር ተብሎ የታተመበት በርሜል ያለው አፐር ይዤ ነው የገባሁት። ደረሰኙም አለኝ። ጉዳዩ እስከ ላይ ሄዶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2025 ይግባኙን አልሰማም ስላለ ክልከላው ጸንቷል። ርዝመቱ ከ29 ኢንች ያነሰ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃም እዚህ የራሱ ክልከላ አለው። ለዚህ ነው አጭሩን ከመዛወርህ በፊት አትሥራ የምልህ። የተመዘገበ አጭር ጠመንጃ ስቴት ሲያቋርጥ በፎርም 20 ቀድሞ ማስፈቀድ ሌላ ጣጣ ነው። ሽጉጥ ካለህ ደግሞ በገባህ በ90 ቀን ውስጥ ለስቴቱ ፖሊስ ማስመዝገብ አለብህ። ዲሲ ላይ ከሆነ ምኞትህ ግን ተወው፤ እዚያ ማንኛውም መሣሪያ በከተማው ፖሊስ ይመዘገባል፣ ኤአር-15 ደግሞ ጨርሶ አይመዘገብም።

ግሪን ካርድ እንዳለህ ጽፈሃል። መግዛት ትችላለህ፤ በዚያ ችግር የለም። ግን በመሣሪያ ጥፋት ከተፈረደብህ እስሩ ብቻ አይደለም፣ ከአገር ሊያስወጣህ ይችላል። ዜጋ የሆነ ጓደኛህ "ምንም አይደለም" ሲልህ ለእሱ ነው ምንም ያልሆነው። የአጭሩን አፐር ብር ለአንድ ሰዓት የጠበቃ ምክር ብታወጣው ይሻላል፤ የሜሪላንድን የመሣሪያ ሕግ የሚሠራ ጠበቃ ፈልግ፣ የኢሚግሬሽኑንም አብረህ ጠይቀው።